ከሻለቃ ገላው ጋር አዲስ መሣሪያ ስንሞክር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደብረ ማርቆስ ያሉ ጎረቤቶቼ ወታደር እንደነበርኩ ያውቃሉ፤ ምን እሠራ እንደነበር ግን የሚያውቅ የለም። ባለፈው ወይዘሮ ሙሉነሽ የምትባለው ጎረቤቴ አጥሩ ላይ ክንዷን ጥላ፣ "ለመሆኑ ጥሩወርቅ፣ ያን ሁሉ ዘመን ወታደር ቤት ምን ስትሠሪ ኖርሽ?" አለችኝ።

"ዕቃ ሳበላሽ" አልኳት።

"አንቺ ደግሞ ቀልድሽ!" ብላ እየሳቀች ወደ ቤቷ ገባች። እኔ ግን አልቀለድኩም። የሥራ ዘመኔን ትልቁን ክፍል ያሳለፍኩት ላስቲኩ ያልተላጠ አዲስ መሣሪያ ተቀብዬ ውኃ ውስጥ በመንከር፣ በጭቃ በመለወስና ከመኪና ላይ በመጣል ነው። ወታደሩ እጅ ላይ ከሚሰበር እኛ እጅ ላይ ይሰበር ነው ነገሩ። እስኪ ለሙሉነሽም ለሌላውም እንዲሆን ከመጀመሪያው ላውራው።

የተወለድኩት እዚሁ ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ይጁቤ ነው። ትምህርቴን እንደጨረስኩ ሠራዊቱ ውስጥ ገብቼ የሬዲዮ ጥገና ተማርኩ፤ መጀመሪያ የተመደብኩትም ከድንበር ብዙም በማይርቅ ቆላ ነበር። ሙቀቱን ለመድኩት። ያልለመድኩት መጠበቁን ነው። ግንባር ያለ ወታደር "ይህ ሬዲዮ ዝናብ ሲመታው ይዘጋብናል፣ ሌላ ይፈለግልን" ብሎ ሲጠይቅ፣ ጥያቄው ከክፍል ክፍል ይዞራል፣ ኮሚቴ ይቀመጥበታል፣ ጨረታ ይወጣል፣ ጨረታው ይሰረዛል፣ እንደገና ይወጣል። ዕቃው ሲደርስ ጠያቂው አግብቶ ወልዶ ከሠራዊቱ ተሰናብቷል። ፋብሪካው ደግሞ ያንን ሞዴል መሥራት አቁሟል። እኛም መለዋወጫ ስለሌለን ከሞተው ሬዲዮ እየፈታን በሕይወት ያለውን እናክማለን። ደመወዙ እንደ ወታደር ደመወዝ ነው፤ ስለሱ ብዙ የሚወራ የለውም።

ይህን ነገር የለወጡት ኮሎኔል ሰሎሞን ናቸው። ፈጣን ተናጋሪ፣ ፈጣን በይ፣ ደረጃ ሲወጡ እንኳ ሁለት ሁለቱን የሚረግጡ ሰው ነበሩ። ከላይ ያሉትን ለምነውና ተከራክረው ለሙከራ ብቻ የሚውል ትንሽ በጀት አስፈቀዱ። ሐሳባቸው ቀላል ነው፤ አዲስ መሣሪያ ሲመጣ ጥቂት ይገዛል፣ በአንድ ወቅት ውስጥ ይሞከራል፣ ካልረባ ይጣላል፣ ከረባ ደግሞ ወዲያው በብዛት ተገዝቶ ወታደሩ እጅ ይገባል። ዓመታት ይፈጅ የነበረው በወራት ያልቃል ማለት ነው። የሙከራው ቡድን የሚቀመጥበትን ቦታ ሲመርጡም ካርታ ላይ ጣታቸውን ደብረ ማርቆስ አጠገብ አሳርፈው፣ "በረዶው አለ፣ ጉሙ አለ፣ ጫማ የሚያወልቅ የዋልካ ጭቃ አለ። እዚህ የሠራ የትም ይሠራል" አሉ። እኔ ሬዲዮ ስለማውቅ ተመረጥኩ። እናቴ "ልጄ አገሯ ገባች" ብላ ይጁቤን አዳረሰችው።

የቡድኑ መሪ ሻለቃ ገላው ነበሩ። ሙያዬን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የጉንደ ወይን ሰው ናቸው፤ ወታደር ከመሆናቸው በፊት ቅኔ ቤት ቆይተዋል። አዲስ ዕቃ ሲመጣ መመሪያውን አንስተው መሳቢያ ውስጥ ይቆልፉበታል። "ወታደሩ በጨለማ፣ በዝናብ፣ እየተተኮሰበት መመሪያ አያነብም። መጀመሪያ እንደሱ ሆነን እንየው" ይሉ ነበር። ከዚያ የሱፍ ጓንት ውኃ ውስጥ ነክረው እጃቸው ላይ ያደርጉና ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይነካካሉ። በረጠበ ጓንት የማይከፈት ዕቃ እዚያው ላይ ወደቀ። ቀጥሎ ዓይናቸውን ጨፍነው አውራ ጣታቸውን በመጋጠሚያው ዙሪያ ያስኬዳሉ፤ ጥፍራቸው የገባበት ቦታ ሁሉ ውኃም ይገባበታል። በመጨረሻ ለረጅም ሰዓት ሲሠራ የዋለውን መሣሪያ ክዳን አፍንጫቸው ሥር አስጠግተው ያሸታሉ። ውስጡ የሚቃጠል ነገር ካለ ጭስ ከመታየቱ በፊት ሽታው ይመጣል። ይህን ማሽተት ለመማር ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል፤ አሁንም የጎረቤት ቴሌቪዥን ሊቃጠል ሲል ከአጥር ማዶ አውቃለሁ።

የመጀመሪያው ትልቅ ሥራችን በጀርባ የሚታዘል ሬዲዮ ነበር። ሻጩ ከውጭ አገር የመጣ፣ ክራቫቱን ያሰረ ሰው ነው፤ አስተርጓሚ ይዟል። ሬዲዮውን ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጦ ብዙ ከተናገረ በኋላ ሻለቃ ገላው፣ "ውኃ ይችላል ወይ በለው" አሉት አስተርጓሚውን።

"በሚገባ ይችላል ይላሉ" አለ አስተርጓሚው።

ሻለቃ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። "ጥሩወርቅ፣ ያቺን ሳፋ አምጪልኝ።"

የካምፑ ልብስ ማጠቢያ ሳፋ እንዳለች ከነውኃዋ መጣች። ሻለቃ ሬዲዮውን ብድግ አድርገው ጨመሩት። ሻጩ "ኖ! ኖ!" እያለ እጁን እስከ ክርኑ ሳፋው ውስጥ ከተተ፤ ከነኮቱ። አስተርጓሚው የሚተረጉመው ጠፍቶት ቆመ። ኮሎኔል ሰሎሞን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሬዲዮው ከሳፋ ወጥቶ ሲከፈት ጉሮሮው እንደታነቀ ሰው አጉረምርሞ ጠፋ።

ሻጩ ግን "የሞከራችሁበት መንገድ ልክ አይደለም" እያለ ሙጭጭ አለ። በዚያ ቀን ሻለቃ ለኮሎኔሉ የጻፉት ሪፖርት አንድ መስመር ነበር፦ "ሬዲዮውም አይሰማም፤ ሻጩም አይሰማም።" በጽሑፍ ሁለቱም ያው ነው፤ አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ሲላላ ነው ልዩነቱ። ኮሎኔሉ ቃሉን እያጠበቁና እያላሉ ደጋግመው አንብበው፣ "ሻለቃ፣ እርስዎን ቅኔ ቤት ያስወጣዎት ማን ነው?" አሏቸው።

"ረሃብ ነው ጌታዬ" አሉ ሻለቃ።

የሚገርመው ያ ሻጭ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ መጣ። መጋጠሚያው በወፍራም ላስቲክ ተለብጧል፣ ቁልፎቹ ለጓንት እንዲመቹ ተልቀዋል። ሲገባ ራሱ በአማርኛ "ሳፋ?" አለን። ሬዲዮው ሳፋውንም፣ በረዶውንም፣ ከመኪና ላይ መውደቁንም ቻለ። በዚያው ዓመት ወታደሩ እጅ ገባ። ድሮ ቢሆን ያኔ ገና የኮሚቴ አባላት እየተመረጡ ነበር። እኔም ያን ጊዜ ሥራዬን እንደ ሰው ወደድኩት።

ሁለተኛው ፈንጂ መፈለጊያው ነው። ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ክብ ሳህን አለው፤ ወታደሩ ሳህኑን ከመሬት ከፍ አድርጎ ግራና ቀኝ ያወዛውዘዋል፣ ብረት ሲያገኝ ጆሮ ማዳመጫው ላይ ይጮኻል። እኛ ጋ መጀመሪያ ሲሞከር ብረትም ባይኖር ይጮህ ነበር። የጎጃም ጥቁር ድንጋይ በውስጡ ብረት ስላለው መሣሪያው እያንዳንዱን ጠጠር ፈንጂ ነው ይላል። የፋብሪካው ሰዎች መጥተው መሣሪያው አፈሩን መጀመሪያ እንዲለማመድ አድርገው አስተካከሉት፤ ከዚያ በኋላ ዋልካው ውስጥ የቀበርናትን ምስማር ሳይቀር እየለየ ያወጣ ጀመር። ሁላችንም ተደሰትን።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰኔ ገብቷል። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ሰኔን ያውቃል፤ ሰኔ ሲያልቅ ያልተሠራበት በጀት ተመላሽ ይሆናል። ሻለቃ ገላው ክረምቱን ሙሉ ይሞከር አሉ።

"ሻለቃ፣" አሉ ኮሎኔሉ፣ "ድንበር ላይ ያሉት ልጆች እኮ ዛሬም መሬቱን በሾለ ሽቦና በዱላ እየወጉ ነው የሚሄዱት። እስከ መስከረም ብንጠብቅ በጀቱ ይሄዳል፣ በጀቱ ከሄደ ደግሞ ሌላ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ስንት ሰው ይጎዳል?"

"ገብቶኛል" አሉ ሻለቃ። "ግን መሣሪያው ክረምቱን አላየውም፤ እኔም እሱን በክረምት አላየሁትም።"

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። እኔ እዚያው ተቀምጬ ስሰማ ለማን እንደምፈርድ አላወቅሁም። በኮሎኔሉ ውሳኔ መሣሪያው ወደ ድንበር ሄደ። ያኔ ማዕረጌ ባሻ ነበር፤ ወታደሮቹን ያሠለጠንኳቸውም እኔ ነበርኩ። ከመካከላቸው ከዚሁ ከጎጃም፣ ከቁይ አካባቢ የመጣው አስር አለቃ ደሴ ነበር፤ ወሬኛ፣ ሳቂታ፣ እጁ ግን የተረጋጋ። ሳህኑን ሲያወዛውዝ ሕፃን እሹሩሩ የሚል ነበር የሚመስለው።

ነሐሴ ላይ ስልክ ተደወለ። ደሴ ፈንጂ ረግጧል፤ መሣሪያው በእጁ፣ ማዳመጫው በጆሮው እንዳለ። መሣሪያው አልጮኸም። ሕይወቱ ተርፏል፤ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆርጧል።

ኮሎኔል ሰሎሞን በዚያኑ ቀን መሣሪያዎቹ ሁሉ ከያሉበት እንዲሰበሰቡ አዘዙ፤ ከዚያ ቢሯቸው ገብተው በሩን ዘጉ። ሻለቃ ገላው ከአደጋው የተመለሰውን መሣሪያ ጠረጴዛ ላይ አጋድመው ፈቱት። እኛ ጋ ሲመጣ ይሠራል። ሳፋ ውስጥ ከተትነው፣ ይሠራል። ጣልነው፣ ይሠራል። ሰው ሊያሳብድ ነበር። በኋላ ሻለቃ፣ "ደሴ የነበረበት የድንበር ደጋ ማለዳው ቅዝቃዜ፣ ረፋዱ ፀሐይ ነው" አሉና መሣሪያውን ይዘን ወደ ጮቄ ተራራ ወጣን። ውርጭ ላይ አሳደርነው። ጠዋት አነሳሁት፣ ሠራ። ፀሐይ ወጥታ ሞቅ ሲል በመጋጠሚያው ሾልኮ የገባው እርጥብ አየር በቀዘቀዘው ብረት ላይ ጤዛ ሆነ፣ ጤዛው ወደ ሽቦው ወረደ፣ መሣሪያውም ዝም አለ። መብራቱ እንደበራ ነው። ደህና የሚሠራ ይመስላል። ምስማሩን ከሳህኑ ሥር አስቀመጥኩለት፤ ዝም። የቆርቆሮ ጣሳ አስቀመጥኩለት፤ ዝም። ሻለቃ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ደሴን ልጠይቅ ሆስፒታል የሄድኩት በቀጣዩ ሳምንት ነው። ከሻለቃ ጋር ነበርኩ። መንገዱን ሙሉ ምን እንደምለው ሳስብ ሄድኩ። እሱ ነው የቀደመኝ።

"ባሻ፣ እንዴት ሰነበቱ? ማሽኑን ምን አደረጋችሁት? ጣላችሁት እንዴ?"

"ሰብስበነዋል" አልኩት።

"እንዳትጥሉት። ብዙ ፈንጂ አውጥቶልኛል እኮ፤ የጓደኞቼ እግር ያለው በእሱ ነው።" ትራሱን አስተካክሎ ቀና አለ። "እኔን ያናደደኝ ዝምታው ነው። መሬቱ ንጹሕ ሲሆንም ዝም፣ እሱ ሲሞትም ዝም። በምን ልለየው? ደከመኝ ቢለኝ እኮ ባለሁበት ቆሜ እጠብቀው ነበር።"

ሻለቃ ገላው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የደሴን እጅ ያዙ። "ልክ ነህ ልጄ" አሉት። "ሲሞት እንዲናገር እናደርገዋለን።"

ሲወጡ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውም ዕቃ እኛ ጋ ሲመጣ ከጓንቱም ከሳፋውም በፊት የሚጠየቀው "ሲሞት ይናገራል ወይ?" የሚለው ሆነ። ለሬዲዮም፣ ለባትሪም፣ ለሌሊት መነጽርም።

ለፋብሪካው ጻፍን። መጋጠሚያውን ለመለወጥ ፈቀዱ፤ የሚናገር ነገር መጨመር ግን አዲስ ሞዴል ስለሚጠይቅ ዓመታት ይፈጃል አሉ። ይህን ጊዜ ነው ኮሎኔል ሰሎሞን ከቢሯቸው ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጡ የወረዱት።

"ባሻ ጥሩወርቅ፣ እኛ ልንሠራው እንችላለን?"

"ቀላሉ መንገድ ያለ ይመስለኛል" አልኳቸው። "መሣሪያው በደህና እስካለ ድረስ ማዳመጫው ላይ እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይበል። ድምፁ የሚመጣው በሳህኑ በኩል ዞሮ ይሁን፤ ያኔ ሽቦው ላይ የሆነ ነገር ሲገጥመው ቀጭ ቀጩ ይቋረጣል። ቀጭ ቀጩ ካልተሰማ ወታደሩ ይቆማል።"

"ምን ያስፈልግሻል?"

የሚያስፈልገኝን ነገርኳቸው፤ በማግስቱ መኪና ወደ አዲስ አበባ ወጣ፣ ሳምንት ሳይሞላ ዕቃው ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ያን ዕለት ስለ ፍጥነት አንድ ነገር ተረዳሁ። የሰኔው ጥድፊያ ጎድቶናል፤ ግን ያው የተፋጠነ አሠራር ባይኖር ኖሮ ስሕተቱን ለማረም እንደ ድሮው ኮሚቴ እንጠብቅ ነበር። ኮሎኔሉም ከዚያ በኋላ ከላይ ተከራክረው ያልተጠናቀቀ ሙከራ ያለው በጀት በሰኔ ተመላሽ እንዳይሆን አስፈቀዱ። ይህ ነው ከሁሉ የከበደ ጦርነታቸው።

ደሴ ሰው ሠራሽ እግር ተገጠመለትና ቡድናችን ውስጥ ተመደበ። ይህንም ያደረጉት ሻለቃ ናቸው፤ "አዲሱን ይለፍ የሚለው እሱ ነው። እሱ እምቢ ካለ አይሄድም" አሉ። እሱም እምቢ ማለት ይችልበታል! መጀመሪያ ቀጭ ቀጩ ጆሮ ያደክማል አለ። ዝቅ አደረግኩለት፤ ነፋስ ሲነፍስ አይሰማኝም አለ። የድምፁን ዓይነት ቀየርኩለት፤ "ይቺማ የእንቁራሪት ድምፅ ናት፣ ክረምት ላይ ከእንቁራሪት በምን እለያታለሁ?" አለኝ። ተናድጄ ካቻቢቴውን ወረወርኩ። ሻለቃ ከወዲያ ማዶ ሻያቸውን እየጠጡ፣ "ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ቀጥሉ" ይሉናል። በመጨረሻ ከልብ ምት ጋር የሚመሳሰል ድምፅ ሠራሁለት። ማዳመጫውን አድርጎ ረጅም ሰዓት ሜዳውን ተመላለሰ። ከዚያ አውልቆ፣ "ይኼ ሰው ነው" አለ። ይለፍ ማለቱ ነበር። ክረምቱን ሙሉ፣ ውርጩንም ፀሐዩንም አሳይተነው ላክነው። ጡረታ እስከወጣሁ ድረስ በዝምታ የጎዳው ሰው አልሰማሁም።

የመጨረሻ ሥራችን እዚሁ አገራችን ላይ ሆነ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ይጁቤ ሲኬድ ከመንገዱ ገባ ብሎ ድሮ መድፍ ይለማመዱበት የነበረ ሜዳ አለ። ያልፈነዳ የመድፍ ጥይት ከብት ስለገደለ ገበሬው አርሶት አያውቅም። በአዲሱ መሣሪያ አሰስነው፣ የተገኘውን ሁሉ አወጣን። በርክክቡ ቀን የሰፈሩ ሰው ዳር ላይ ተሰበሰበ፤ ግን ማንም እግሩን አያነሳም። የመሬቱ ባለቤት ወይዘሮ አዛሉ የሚባሉ ጠና ያሉ ሴት በሬዎቻቸውን ጠምደው አምጥተው ከዳር ቆመዋል።

"ይግቡ እንጂ እማማ፣ ጸድቷል" አልናቸው።

"እናንተ ቅደሙ" አሉ ሴትዮዋ ቆጣ ብለው። "ያጸዳችሁት እናንተ አይደላችሁ?"

ማንም ሳይጠይቀው ደሴ ገባ። ሱሪውን ከጉልበቱ በላይ ሰብስቦ፣ ሰው ሠራሹ እግር እየታየ፣ ማንንም ሳያይ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ተመለሰ። ወይዘሮ አዛሉ እግሩን አዩ፣ ፊቱን አዩ፤ ከዚያ በሬዎቹን ነድተው ወደ እሱ ሄዱና እርፉን አስጨበጡት።

"በል፣ የመጀመሪያውን ትልም አንተ አውጣው።"

ደሴ የገበሬ ልጅ ነው፤ ደስታው ፊቱ ላይ ሞላ። ግን ጥቂት እንደሄደ ያ እግር ዋልካው ውስጥ ሰጥሞ ቀረ። ቢስብ አይወጣም። ቢጎትት እሱ ወጣ፣ እግሩ እዚያው ቀረ። በአንድ እግሩ እርፉን ተደግፎ ቆሞ ወደ ኋላ ዞር ብሎ አየውና፣ "ሻለቃ፣ ይቺ በዋልካ ሳትሞከር ነው የሰጡኝ!" ብሎ ጮኸ። መጀመሪያ የሳቁት ወይዘሮ አዛሉ ናቸው፤ ከዚያ ሜዳው ሁሉ በሳቅ ተናጋ። ሻለቃ ገላው እንባቸው እስኪወርድ ስቀው፣ "ሰኞ ይዘሃት ና!" አሉት።

ሰኞ ይዟት መጣ። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት የመጨረሻ የሞከርኩት ዕቃ የደሴ እግር ነው። ከመኪና ጎማ እንደ በረባሶ ሰፋ አድርገን ቆርጠን፣ ሲያሻው የሚታሰር ሲያሻው የሚፈታ መርገጫ ሠራንለት። እሱ እንደልማዱ አንዱን ከበደ፣ አንዱን ጠበበ እያለ ሲመልስ ቆይቶ በመጨረሻ ጭቃውን ተሻግሮ ወጣ። ዛሬ ከሠራዊቱ ተሰናብቶ ቁይ የአባቱን መሬት ያርሳል።

ሻለቃም ጉንደ ወይን ገብተው የልጅ ልጆቻቸውን አሻንጉሊት ሳፋ ውስጥ እየነከሩ ነው ይባላል። ኮሎኔሉ አሁንም ሥራ ላይ ናቸው።

ትናንት ስልኬ ጮኸ፤ ደሴ ነው።

"ባሻ፣ ላገባ ነው። ይቺን እግር ለጭፈራ አልሞከርናትም እኮ!"

"እስክስታ በትከሻ ነው እንጂ በእግር ነው እንዴ?" አልኩት።

"ትከሻውስ አለኝ። የጎጃም ጭፈራ መዝለል አለበት፤ ሙሽሪት ደግሞ ዘላይ ናት" አለኝ።

ዛሬ ጠዋት ገበያ ወርጄ ለስለስ ያለ ጎማ ፈልጌ አመጣሁ። ይህን ስጽፍ በግማሽ ተቆርጦ እግሬ ሥር ተቀምጧል። ወይዘሮ ሙሉነሽ በአጥሩ በኩል አንገቷን አስግጋ፣ "አሁንስ ምን እያበላሸሽ ነው?" ትለኛለች።